ወና የቀረ የቤተ እስራኤል መንደር፦ ጥናቱ ከየት ይጀመራል? (ጎንደርና ወገራ)

የወገራ ሰው፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከጎንደር ወደ ዳባት ከሚወስደው መንገድ ወረድ ብሎ፣ ከወንዝ በላይ ባለ ተረተር ላይ የቤተ እስራኤል መንደር ነበር። ዛሬ ሰው የለበትም፤ ከፊሉ ታርሷል፣ ከፊሉ የከብት ማሰማሪያ ነው። ሠላሳ ገደማ ክብ የቤት መሠረት ግን ይታያል። የጎረቤት ሽማግሌዎች ቦታውን በሁለት ስም ይጠሩታል፤ አንደኛው ወገን በወንዙ ስም፣ ሌላው በአንድ ሰው ስም። የመንደሩን ስም በኢንተርኔት ስፈልግ ምንም አይመጣም።

ማወቅ የምፈልገው፦ መንደሩ መቼ ባዶ ሆነ? የነበሩት አባወራዎች እነማን ናቸው? ትውልዳቸውስ ከማን ጋር ይያያዛል? ምን ዓይነት ሰነድ ይኖራል፣ የትስ ይገኛል? የምታውቁ ሰዎች በዝርዝር ብትጽፉልኝ።

ጭቃ ሹም፦

ወንድሜ፣ ከመጽሐፍ አትጀምር። ከመሬት ወረቀት ጀምር፤ ያውም ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ካለው።

ከዚያ በፊት የቤተ እስራኤል ገበሬ ባብዛኛው ርስት አልነበረውም። በባለርስት መሬት ላይ እያረሰ እርቦ ወይም ሲሶ የሚከፍል ነበር፤ ኑሮውን የሚደጉመው በቀጥቃጭነት፣ በሽመና፣ ሴቶቹም በሸክላ ሥራ ነው። የርስት ክርክር መዝገብ የሚጽፈው ባለርስቱን ነው። ስለዚህ የአገሩን የርስት ቆጠራ ይዘህ ብትደክም የመሬቱን ባለቤት የዘር ሐረግ ታገኛለህ እንጂ የመንደሩን ነዋሪ አታገኝም። ብዙ ሰው ዓመት የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 ይህን ገለበጠው። ርስትም ጭሰኝነትም ቀረ፣ ገበሬ ማኅበር ተቋቋመ፣ ትናንት ጭሰኛ የነበረው ሰው አባል ሆኖ ስሙ ከነአባቱ ተጻፈ፣ መሬትም ተደለደለለት። ከ1968 ጀምሮ ሰዎቹ አገር እስከለቀቁበት ድረስ ያለው የአባላት መዝገብ ለእንዲህ ያለ መንደር ከማንኛውም ወረቀት ይበልጣል። ከእርሱ ጋር የመሬት መጠቀሚያ ክፍያና የእርሻ ገቢ ግብር ዝርዝር ይኖራል።

ፍለጋህን በዚህ ቅደም ተከተል አድርገው። መጀመሪያ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት፤ መዝገቡ ካለ ሣጥን ውስጥ ወይም ቁም ሣጥን ላይ ነው፣ ማውጫ አትጠብቅ። ቀጥሎ የወረዳ ግብርና እና ገቢዎች ጽሕፈት ቤት። ከዚያ የወረዳ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት፤ የድንበር ክርክርና የጥሪት ክፍፍል ፋይል ውስጥ የምስክሮች ስም ከነመንደራቸው ይጻፋል። መጨረሻ ላይ በየቤቱ ያለ የድሮ የግብር ደረሰኝ፤ ሰው ለመሬቱ ማስረጃ ይሆነኛል ብሎ በቆዳ ወይም በፕላስቲክ ጠቅልሎ ያስቀምጠዋል።

የሚያጋጥምህን ችግር አስቀድሜ ልንገርህ። በ1983 የመንግሥት ለውጥ ጊዜ የብዙ ቀበሌ ወረቀት ተቃጥሏል ወይም ተበትኗል። ቀበሌዎች ተጣምረዋል፤ የአንዱ ወረቀት ሌላው ዘንድ ሊሆን ይችላል። አውራጃም ወረዳም ወሰኑ ተለዋውጧልና በበጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት ዘመን አካባቢው በየትኛው ምክትል ወረዳ ሥር እንደነበረ አስቀድመህ እወቅ። በንጉሡ ጊዜ ደረሰኝ ላይ ያለው ስም ደግሞ ብዙ ጊዜ የከፋዩ አይደለም፤ ግብሩ የሚጠራው በሞተ አያት ወይም በአቅኚ አባት ስም ነበር። እርሱን በሕይወት ያለ ሰው አድርገህ ብትመዘግብ ትውልዱ በሁለትና በሦስት እርከን ይዛባብሃል።

ገል ለቃሚ፦

አያ ጭቃ ሹም ያሉት ሁሉ ልክ ነው፣ ግን ቦታውን ሳይለኩ ሰነድ መክፈት ጥሩ አይመስለኝም። መሬቱ የሚሰጥሽን ጥያቄ ይዘሽ ነው ወደ መዝገብ የምትሄጂው። (የወገራ ሰው፣ ወንድ ትሁን ሴት ስላላወቅሁ እንደ እህቴ ቆጥሬሽ ነው።)

የምትሄጂበት ወር ታኅሣሥና ጥር ነው። እህል ተሰብስቧል፣ ሣሩ በከብት ተግጧል፣ መሠረቱ ይወጣል። በክረምት ምንም አይታይም። ሰዓቱ ከጠዋቱ 1 እስከ 2፡30 ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ይሁን፤ ፀሐይ ዝቅ ስትል አንድ ስንዝር የማይሞላ እብጠት እንኳ ጥላ ይጥላል። እኩለ ቀን ላይ ያው መሬት ልሙጥ ነው።

መያዝ ያለብሽ፦ 50 ሜትር ሜትሮ፣ ኮምፓስ፣ በየ10 ሳንቲ ሜትር ጥቁርና ነጭ የተቀባ የ1 ሜትር ዘንግ፣ እርሳስ፣ ካሬ ወረቀት። ለእያንዳንዱ መሠረት ቁጥር ስጪው። ውስጡን በሁለት አቅጣጫ ለኪ፣ ከሰሜን ወደ ደቡብና ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ። የበሩ ክፍተት ወዴት እንደሚያይ ጻፊ። ፎቶ ስታነሺ ዘንጉ ፍሬሙ ውስጥ ይግባ።

ክብ መሠረት ሁሉ ቤት አይደለም። በረትም ክብ ነው። ቤት ከሆነ መሐሉ አካባቢ በእሳት የቀላ አፈርና ጉልቻ የነበረ ድንጋይ ታገኛለሽ፤ የተሰበረ ወፍጮ ወይም መጅ ደጃፉ አካባቢ ይወድቃል። በረት ከሆነ ስፋቱ ይበልጣል፣ አፈሩ ጠቁሮ የላላ ነው፣ ገል አይገኝበትም። ሳማ በክብ የበቀለበትን ቦታ አትዝለዪ። ሳማ ፍግና አመድ የጠገበ አፈር ይወዳል፤ ቤቱ ከፈረሰ ከብዙ ዓመት በኋላም የት እንደነበረ ይናገራል። በቀጥታ መስመር የቆመ ቁልቋልም የድሮ አጥር ነው፤ ቁልቋል በራሱ በመስመር አይበቅልም።

መንደሩ የቤተ እስራኤል መሆኑን ከመሬት ለማረጋገጥ አራት ነገር እይ። አንደኛ የቀጥቃጭ ቦታ፦ ከባድ፣ ጥቁር፣ አረፋ የመሰለ ቀዳዳ ያለው የብረት ዝቃጭ፣ ከሰል፣ የወናፍ አፍ የነበረ የተቃጠለ ሸክላ ቱቦ ቁራጭ። በእጅሽ ስታነሺው ከመጠኑ በላይ ይከብዳል። ሁለተኛ የሸክላ መተኮሻ፦ አመድና የቀላ መሬት፣ ሲተኮስ የተሰነጠቀ የምጣድና የእንስራ ገል ክምር። በቤት ውስጥ ከተሰበረ ዕቃ የሚለየው ጥላሸት የምግብ ሳይሆን በሁሉም በኩል መሆኑ ነው። ሦስተኛ የመርገም ጎጆ፦ ከሌሎቹ ቤቶች ያነሰ፣ ከመንደሩ ጠርዝ ላይ ገለል ያለ፣ ዙሪያውን በድንጋይ የታጠረ መሠረት። ሴቶች በወር አበባና በወሊድ ጊዜ የሚቆዩበት ነው፤ የድንጋዩ ክብ ወሰኑ ነው። አራተኛ ጸሎት ቤቱ፣ መስጊድ የሚሉት፣ ከቤቶቹ ተለይቶ በግቢ የታጠረ። ወንዝ ቅርብ መሆኑም ያለ ምክንያት አይደለም፤ የመንጻት ሥርዓታቸው የሚፈስ ውኃ ይጠይቃል።

መቆፈር ፈጽሞ የለም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ቁፋሮ በሕግ ያስጠይቃል፤ ከዚያም በላይ አንዴ የተቆፈረ ነገር አይመለስም። የወደቀውንም ገል እዛው ተይው። ፎቶውን አንሥተሽ ቁጥሩን ጻፊ፣ ይበቃል።

የወገራ ሰው፦

እግዜር ይስጥልኝ፤ ወንድ ነኝ፣ እህትነቱንም ተቀብያለሁ። ዳር ላይ አንድ ትንሽ ክብ፣ ዙሪያዋ ድንጋይ የተደረደረ አለች፤ የዶሮ ቤት መስላኝ ነበር። ከወንዙ በላይም ያ አረፋ የመሰለ ጥቁር ድንጋይ በብዛት አለ።

አሁን የጨነቀኝ ዓመቱ ነው። አንዱ ሽማግሌ "በ75 ሄዱ" ይላሉ፣ ሌላው "ደርግ ሊወድቅ ሲል" ይላሉ።

ባሕረ ሐሳብ፦

ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። "መቼ ሄዱ?" ብለህ አትጠይቅ። "በእግር ወደ ሱዳን ወረዱ ወይስ ጎንደር ገብተው በመኪና ወደ አዲስ አበባ?" ብለህ ጠይቅ። ዓመተ ምሕረት የተረሳው ሰው መንገዱን አይረሳም።

በእግር ከሆነ ከ1977 መጀመሪያ በፊት ወይም እዚያው ላይ ነው። በሱዳን መጠለያዎች የተጠራቀሙትን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል የወሰደው የሙሴ ዘመቻ ከኅዳር 12 እስከ ታኅሣሥ 27 ቀን 1977 ነበር፤ ወሬው ሲወጣ ተቋረጠ። በመኪና ወደ አዲስ አበባ ከሆነ ኢትዮጵያና እስራኤል ግንኙነታቸውን በ1982 መጀመሪያ ካደሱ በኋላ ነው። የሰለሞን ዘመቻ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ወሰደ። ስለዚህ አንዱ መንደር ሁለት ጊዜ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ጎልማሶቹ ከ75 እስከ 77 በሌሊት ይወጣሉ፣ ሽማግሌና ሕፃን የያዘው ይቀራል፣ የቀረው በ82 ይነሣል። ሁለቱ ሽማግሌዎችህ ሁለት የተለያየ ቡድን ሲሄድ አይተዋል ማለት ነው። የቋራ ሰዎች ደግሞ ከዚያ በኋላ፣ በ1991 አካባቢ ነው ብዙዎቹ የሄዱት፤ ጋብቻ ወደ ቋራ ከመራህ ይህን አስብ።

የሽማግሌ ዕድሜ ለማውጣት "ስንት ዓመትዎ ነው?" ማለት ዋጋ የለውም፤ መልሱ ሁልጊዜ በ5 እና በ10 ይጠጋጋል። "መሬት ለአራሹ ሲታወጅ ጥጃ ይጠብቁ ነበር፣ በግ ይጠብቁ ነበር ወይስ ሞፈር ይዘዋል?" በል። ጥጃ ጠባቂ ከ5 እስከ 7 ዓመት፣ በግና ፍየል እስከ 10 ገደማ፣ ከብት ከዚያ በላይ፣ ሞፈር የጨበጠ 15 አልፎታል። መሰላሉን አዘጋጅ፦ የ1966 አብዮት፣ የ1967 አዋጅ፣ እድገት በኅብረት፣ የ77 ድርቅ፣ የ83 ለውጥ፣ የ1989 የመሬት ሽግሽግ። ለአያቶቻቸው ወሬ ደግሞ ክፉ ቀን (ከ1880 እስከ 1884)፣ የኅዳር በሽታ (1911)፣ የጠላት ዘመን (ከ1928 እስከ 1933) ይጠቅማሉ።

ዘመኑን በወንጌላዊ የሚጠራ ሰው ካገኘህ ወርቅ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5,500 ደምር፣ ለ4 አካፍል፤ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ። 1977 ሲደመር 7,477 ነው፣ ቀሪው 1፣ ማቴዎስ። 1983 ሉቃስ ነው። "በዘመነ ማቴዎስ፣ ከገና በፊት" ካለህ ሌላ ምስክር አትፈልግም።

ከእስራኤል ከሚመጣ ወረቀት ጋር ስታስተያይ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ልዩነቱ 7፣ ከፈረንጅ ጥር ወዲህ 8 ነው። በጭፍን 8 እየቀነሰ የሚሄድ ሰው የሙሴ ዘመቻን ሰዎች 1976 ላይ ያስቀምጣቸዋል።

ካርታ ቤት፦

ስለ ካርታ ማንም አላነሣም። ከቃልም ከመዝገብም በፊት ቦታውን በዓመት አስረው።

የድሮው የካርታ ሥራዎች ድርጅት፣ ዛሬ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት፣ 1 ለ50,000 ካርታ አለው። በዚህ ሚዛን 2 ሳንቲ ሜትር 1 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጎጆ አይታይም፣ መንደሩን በነጥብ ነው የሚያመለክተው። የሚጠቅምህ የቦታ ስሙና የእግር መንገዱ ነው። እንዲህ ያለ ካርታ ላይ የተነበበ ነጥብ ከስልክህ ጂፒኤስ ጋር አይገጥምም፤ የድሮው ካርታ አዲንዳን በሚባል መነሻ የተሠራ ነው፣ ስልክህ በሌላ። ሳትለውጥ ብትሄድ ወደ 200 ሜትር ያህል ይስትሃል። ብዙ ሰው "ካርታው ተሳስቷል" ብሎ የሚመለሰው በዚህ ነው። ጎንደር ዞን 37 ውስጥ ናት፤ ፕሮግራሙ ላይ አዲንዳን ዞን 37 ሰሜን ብለህ አስገባ፣ ከዚያ ለውጠው።

ከካርታው የሚበልጠው የአየር ፎቶ ነው። ጣልያኖች በወረራው ዘመን ያነሡት ክምችት አዲስ አበባ አለ፤ በካርቶን ላይ አራት አራት ሆኖ የተለጠፈ ነው፣ አንዱ ቁልቁል፣ ሁለቱ በጎን፣ አንዱ ሩቅ አግድም። አገሩን ሁሉ አይሸፍንምና መጀመሪያ የሽፋኑን ካርታ ጠይቅ። ቀጥሎ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር በተሠራው የካርታ ሥራ ጊዜ የተነሡ አሉ። 1 ለ15,000 በሆነ ፎቶ ላይ 6 ሜትር ጎጆ 0.4 ሚሊ ሜትር ናት። በኢንች 600 ነጥብ አድርገህ ብታስቃኘው ጎጆዋ 9 ነጥብ ያህል ብቻ ትሆናለች፤ በ1,200 አስቃኝ፣ 19 ያህል ትሆናለች፣ ያኔ ጥላዋ ይለያል። አውድማ ነጭ ክብ ሆኖ ይታያል፣ ከጎጆ ይሰፋል፣ ጥላ የለውም። የእግር መንገዶች ከአራት አቅጣጫ ተሰብስበው የሚገናኙበት ቦታ መንደር ነው፣ ቤቱ ባይታይም።

የድጋፍ ደብዳቤ ሳትይዝ ከሄድክ አያስገቡህም። ከአየር ፎቶ ሌላ የአሜሪካ የስለላ ሳተላይት ኮሮና እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1972 ያነሣቸው ፎቶዎች በ1995 እ.ኤ.አ. ምስጢርነታቸው ተነሥቷል፤ የተቃኙት ከአሜሪካ ጂኦሎጂ ጥናት ድረ ገጽ በነፃ ይወርዳሉ። ጥራቱ ጥሩ በሆነበት 2 ሜትር ገደማ ነው፤ ጎጆ አይለይም፣ መንደሩ መኖር አለመኖሩን ግን ያሳያል።

ስሙን ስትፈልግ በላቲን ፊደል አንድ አጻጻፍ አትያዝ። ጣልያኖች "ወ"ን በ"ዩ" ፊደል ይጀምራሉ፤ ወገራን የምታገኘው እዚያ ነው። ጭልጋ በ"ሲ" እና "ኢ" ነው፣ "ኤች" የለበትም። በአማርኛ ሰነድም ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ እየቀያየርህ ፈልግ።

ጭቃ ሹም፦

ካርታ ቤት፣ ዕውቀትህ ጥሩ ነው፣ ቅደም ተከተሉ ግን አልጣመኝም። ፎቶው አሥር ዓመት፣ ሃያ ዓመትም ይጠብቀዋል። የ85 ዓመት ሽማግሌ አይጠብቀውም። አዲስ አበባ ደብዳቤ ሲያጽፍ አንድ ክረምት ያልፋል። መጀመሪያ ሽማግሌዎቹ ይቀረጹ።

ካርታ ቤት፦

በዚህ አልከራከርም፤ ሽማግሌ ይቅደም። አንድ ነገር ብቻ፦ ኮሮናውን በአንድ ማታ ማውረድ ይቻላል። የታተመ ፎቶ ይዞ የሄደና ባዶ እጁን የሄደ የሚያገኙት ወሬ ለየቅል ነው። ወረቀቱን መሬት ላይ ዘርግቶ "ወንዙ ይሄ ነው፣ ገደሉ ያ ነው" ሲባል ሽማግሌው በጣቱ ቤት ለቤት ይቆጥርልሃል።

የቁስቋም ደብተራ፦

ስለ ምሥረታው ዘመን ላክልበት። የጎንደር ዘመን የመሬት ጽሑፍ በወንጌልና በሌላ መጽሐፍ ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ ነው የሚጻፈው፦ ስጦታ፣ ሽያጭ፣ ኑዛዜ፣ ክርክር፣ ከነምስክሮቹ። ለአብያተ ክርስቲያናት በጉልት የተሰጡ ቦታዎች ስም ይዘረዘራል። የምትፈልጋት መንደር የማን ጉልት ውስጥ እንደነበረች ካወቅህ የየትኛውን ደብር መጽሐፍ እንደምትጠይቅ ታውቃለህ። ነዋሪውን አይነግርህም፣ ቦታው በዚያ ስም ይጠራ እንደነበር ግን ይነግርሃል።

መጽሐፉ ደብሩ ውስጥ ላይኖር ይችላል። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የሰበሰቧቸው መጻሕፍት መቅደላ ነበሩ፤ እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. ከወሰዷቸው 350 ያህሉ ዛሬ ለንደን፣ ብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው፤ ብዙዎቹ በኢንተርኔት ይነበባሉ። ከ1966 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በማይክሮፊልም የተቀዱት ደግሞ በወመዘክር (በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት) እና በአሜሪካ ሚኒሶታ ይገኛሉ። ጥር 1880 ድርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል የጠፋው ጠፍቷል።

የክርስቲያን መንደር ጠፍቶባችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ ታቦቱን ተከተሉ። መንደር ሲፈርስ ታቦቱ ወደ ጎረቤት ደብር ይገባል፣ መጻሕፍቱም አብረውት ይሄዳሉ። "ደባል ታቦት አላችሁ ወይ? ከየት መጣ?" ማለት ነው።

ወለተ ሥላሴ፦

የትውልዱን ነገር ወንዶቹ አልፋችሁት ሄዳችሁ። እኔ የምጨምረው ሴቶቹን ነው።

የገበሬ ማኅበር መዝገብ ባልን ይጽፋል፣ ሚስትን ባሏ ካልሞተ አይጽፍም። ቤተ እስራኤል ደግሞ እስከ ሰባት ቤት አይጋቡም። በሠላሳ ቤት መንደር ውስጥ ሁሉም ዘመድ ስለሆነ ሚስት ከሌላ መንደር ትመጣለች፣ እህት ወደ ሌላ መንደር ትሄዳለች። የአባወራ ዝርዝር ብቻ ይዘህ ትውልድ ብትሠራ ግማሹ ሰው የለም። ለእያንዳንዱ ቤት "እናትየው የየት አገር ሰው ናት?" የሚል ዓምድ ይኑርህ። ያ ዓምድ ሲሞላ የጋብቻ መረቡ ይወጣል፤ ወለቃ፣ ተዳ፣ አምቦበር እያለ ይቀጥላል። የመንደሩን ሰው ያላወቀ፣ ከመንደሩ የወጣችውን ሴት ልጅ ያውቃል።

ለአንድ ሰው አንድ ካርድ አድርግ። የቤት ስም፣ ቅጽል ስም፣ አባት፣ አያት፣ እናት፣ የእናት አባት፣ የእናት መንደር፣ ሙያ፣ የሄደበት መንገድ፣ ዛሬ የሚጠራበት ስም፣ ይህን ማን ነገረኝ፣ መቼ። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ሳትሞላ ካርዱን አትዝጋ። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች የተናገሩትን ዝምድና በሙሉ መስመር፣ አንድ ሰው ብቻ የተናገረውን በነጠብጣብ ሣል።

እስራኤል ያሉትን ዘሮች በስም ለማግኘት የምታውቀው ስም አይሠራም። ሲገቡ ብዙዎቹ የዕብራይስጥ ስም ተሰጥቷቸዋል፣ የአባት ወይም የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ተጽፏል። በተለያየ ጊዜ የገቡ ወንድማማቾች አንዱ በአባት፣ አንዱ በአያት ስም ሊጠሩ ይችላሉ፤ ባዕድ የሚመስሉት ያንዲት እናት ልጆች ናቸው። የልደት ቀንም ብዙ ጊዜ በግምት የተሞላ ነው፣ ለስሌት አትመካበት። "አገር ቤት ማን ይሉዎት ነበር?" በል። ቄሶቹን ፈልግ፤ አንድ ቄስ ብዙ መንደር ያገለግል ስለነበር ማን ማንን እንዳገባ፣ የማን ተዝካር መቼ እንደነበር ያውቃሉ።

ትውልዱ ርዝመቱን መርምር። ጎንደር በ1628 ዓ.ም. ገደማ ተቆረቆረች፤ አንዱን ትውልድ 28 ዓመት ብትል ከዚያ ወዲህ 13 ወይም 14 ትውልድ ይሆናል። "ከዐፄ ፋሲል ግንበኛ እስከ እኔ ሰባት ነን" የሚል ካገኘህ ውሸት አይደለም፣ መሐሉ ተዘሏል። የመጀመሪያውንና የቅርቦቹን አራት ያዝ፣ መሐሉን ክፍት ተወው። ለማያያዝ ብለህ ስም አትፍጠር።

አንድ ልመና አለኝ። በሱዳን መንገድና መጠለያ 4,000 ያህል ሰው እንዳለቀ ይገመታል። "የት ሞተ?" የሚለውን ጥያቄ ካርዱ ላይ በተራ ቁጥር አታስቀምጠው። እናቲቱ ራሷ ስታነሣው ብቻ ጻፍ፤ መቅረጫውንም ከዚያ በፊት "ላጥፋው?" በል።

አምቦበር ማዶ፦

ስለ መቃብሩ ማንም አልተናገረም። ከመንደሩ ወጣ ብሎ፣ ብዙ ጊዜ ወንዝ ዳር፣ ያለ ጽሑፍ የድንጋይ ክምር ሆኖ ታገኘዋለህ። ድንጋዩን አታንሣ፣ ሣሩን አትጨድ፣ አጥንት ቢታይ አትንካ። በጂፒኤስ ያገኘኸውን ቁጥር ሕዝብ በሚያየው ገጽ አትለጥፍ፤ ወርቅ የተቀበረ መስሎት የሚቆፍር አይጠፋም። ለዘሮቹና ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ብቻ ስጥ። ዛሬ መሬቱን የሚያርሰውን ሰው አስቀድመህ አነጋግር። ርስት ሊያስመልስ የመጣ ከመሰለው አፉን ይዘጋል፣ ድንጋዩንም ወደ አጥር ያግዘዋል። ደብዳቤህን አሳየው፣ መሬት እንደማትጠይቅ በቀበሌው ፊት ንገረው።

በቃልም ተጠንቀቅ። የድሮ ሰነድ ላይ "ፈላሻ" እና "ካይላ" የሚል ታገኛለህ፤ ለፍለጋ ያስፈልጉሃል፣ በአፍህ ግን አታውጣቸው። ከጎረቤት ስትጠይቅ የወገን ስም ጭራሽ አታንሣ። "ማረሻችሁን ማን ይስልላችሁ ነበር? ምጣድ ከማን ትገዙ ነበር?" በል። ይህን ስትል ሰውየው የቀጥቃጩን ስም፣ የልጁን ስም፣ ዱቤ የሚሰጥ መሆኑን፣ ቅዳሜ ወናፍ እንደማይነፋ ያወራልሃል።

የወገራ ሰው፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። እትዬ ወለተ ሥላሴ፣ ያሉኝን ካርድ ዛሬ አዘጋጃለሁ። አያ ጭቃ ሹም፣ አንድ ጥያቄ ብቻ፦ መዝገቡን ፎቶ ሳነሣ የቤተ እስራኤል ስም ያለባቸውን ገጾች ብቻ ብመርጥ ይበቃል? ጸሐፊው ጊዜ የለኝም እያለ ነው።

ጭቃ ሹም፦

አይበቃም። ከሽፋን እስከ ሽፋን አንሣ፣ ባዶውንም ገጽ። በስም ማንነቱን አትለይም፤ ይስሐቅም ያዕቆብም ክርስቲያን ዘንድም አለ። ገጾቹ ተራቸውን ከጠበቁ ግን ጎረቤት ከጎረቤት ተከታትሎ ስለሚጻፍ ማን ከማን አጠገብ እንደሚኖር ታያለህ፤ ገል ለቃሚ ካስቆጠረችህ መሠረቶች ጋር ታገናኘዋለህ። ገጽ በገጽ ከላይ ቀጥ አድርገህ፣ መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ። 200 ገጽ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም፤ ለጸሐፊው ይህን ንገረው።

ስም ላይ የተሰመረ ሰረዝ ካገኘህ ደግሞ ቀርበህ ለብቻው አንሣው። "ጠፋ"፣ "የለም"፣ "መሬቱ ለእገሌ ተሰጠ" የሚል ቃል ከነቀኑ ዳር ላይ በትንሹ ሊጻፍ ይችላል፤ የምትፈልገው ዓመት እዚያ ነው።